ሳጥን ብቻውን ልብስ አያቆይም

ዛሬ የምንነጋገረው በየቤቱ ስላለ፣ ግን እምብዛም ስለማይወራለት ንብረት ነው። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት አንድ የተቆለፈ የብረት ሳጥን ወይም አልጋ ሥር የተገፋ ሻንጣ አይጠፋም። በውስጡ የአያት ጥበብ ቀሚስ፣ የአባት በርኖስ፣ ከሠርግ የተረፈ ካባ፣ ልጆቹ ሁሉ ክርስትና የተነሡበት ነጠላ ይኖራል። ባለቤቱ ስለ ዕቃው ሲጠየቅ «በደንብ ተቀምጧል» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ተቀምጧል። ችግሩ መቀመጥና መጠበቅ አንድ ተደርገው መወሰዳቸው ነው። በዚህ ዝግጅት የማቀርበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከወላጅ የወረስነው ልብስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ሰው ስለ ለበሰው አይደለም፤ ከቆሻሻው ጋር ታጥፎ፣ በማይተነፍስ ነገር ታፍኖ፣ ለዓመታት ማንም ሳያየው ስለሚቀር ነው። ልብስ እንዲቆይ ከተፈለገ በየጊዜው የሚከፍተውና የሚያገላብጠው እጅ ያስፈልገዋል። ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ጠንካራ ክርክሮች አሉ፤ ወደ እነርሱም እንደርሳለን።

አስቀድመን ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ፤ «የሐበሻ ልብስ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ዕቃ ከብዙ ዓይነት ክር የተሠራ ነውና። የሸማው ገላ ጥጥ ነው። በእንዝርት የተፈተለው ክር ማግ ሆኖ ሲገባ ድሩ ከፋብሪካ የመጣ ክር የሆነበት ሸማ ብዙ ነው። ጥለቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፦ አንዳንዱ እውነተኛ ሐር፣ አንዳንዱ ቪስኮስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐር፣ አንዳንዱ አክሪሊክ ነው፤ የሚያብለጨልጨውም ብረት የተለበጠበት ክር ነው። ካባው ከፋይ ላይ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ሊሆን ይችላል፤ የመንዝ በርኖስ የበግ ፀጉር ነው። ጥጥና ቪስኮስ ከዕፅዋት፣ ሱፍና ሐር ደግሞ ከእንስሳ የሚገኙ ስለሆኑ ጠላታቸውም ይለያያል። አሲድ ጥጥን ያደክማል፤ እንደ ጠንካራ የዱቄት ሳሙና ያለው አልካሊ ደግሞ ሱፍንና ሐርን ይጎዳል። በረኪና ሐር ላይ ሲያርፍ ማንጣት ብቻ አይደለም ሥራው፤ ክሩን ያሟሟዋል። ውሃ እንኳ በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል፣ ቪስኮስ ግን ሲረጥብ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣል። ቀሚስ ታጥቦ ገላው ደህና ሆኖ ሳለ ጥለቱ ሲበጣጠስ የምናየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሸማኔው ላይ ከመፍረድ በፊት ይህን ማሰብ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንግባ። የመጀመሪያው ጠላት ከልብሱ ጋር አብሮ የተቆለፈው ቆሻሻ ነው። ከበዓል ማግስት ቀሚሱ ንጹሕ መስሎ ይታጠፋል፤ ነገር ግን አንገቱና ብብቱ ላይ ላብ አለ፣ የነጠላው ጫፍ ከፀጉር የነካው ቅቤ አለ፣ ሰው ሳያየው ጠብ ያለ ጠጅ ወይም ለስላሳ አለ። ስኳር ትኩስ ሳለ ቀለም የለውም፤ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ግን ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ቅቤም ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቢጫ ይሆንና ከክሩ ጋር ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ እርሱን ለማስለቀቅ የሚበረታ መድኃኒት ልብሱን ቀድሞ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሳጥን ከፍታ ነጩን ቀሚስ ነጠብጣብ ለብሶ ያገኘች እናት «ንጹሕ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት» ስትል አትዋሽም፤ ያስቀመጠችው ያልታየ ቆሻሻ ነበር። የእርድ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። አልጫ የነካው ሸማ ላይ ሳሙና ሲያርፍ ቢጫው ወዲያው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ይህ የእርዱ ቀለም ከአልካሊ ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ጠባይ ነው እንጂ አዲስ እድፍ አይደለም። ያንን ያየ ሰው ግን ደንግጦ በረኪና ያነሣል፤ ቀሚሱም በእርዱ ሳይሆን በበረኪናው ይሞታል።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው፤ በደጋው አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ለሻጋታ መብቀል ምቹ ይሆናል፤ የአዲስ አበባን ወይም የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ሰው ግድግዳው ሲያልብ አይቷል። እዚህ ላይ ወዳጅ መሳዩ ፌስታል ይመጣል። ፌስታል ውሃ ስለማያስገባ የሚጠብቅ ይመስላል፤ ውሃ የማያስገባ ነገር ግን ውሃ አያስወጣም። ሐምሌ ላይ የታሰረ ጋቢ ከሐምሌ አየር ጋር ነው የታሰረው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ላዩ ደርቆ ሳለ መካከሉ ረጥቦ ሊቆይ ይችላል። ከዚህም በላይ ፕላስቲኩ ራሱ ያረጃል፦ ፒቪሲ የሚባለው ዓይነት እየቆየ አሲድ ይለቃል፤ በስስ ላስቲኮች ውስጥ የሚጨመሩ ኬሚካሎችም በአየር ውስጥ ካለ የመኪናና የምድጃ ጭስ ጋር ተገናኝተው ነጭ ልብስን ቢጫ ያደርጋሉ። ከላውንደሪ የመጣን ቀሚስ በመጣበት ላስቲክ እንዳለ ለዓመታት ሰቅሎ መተው ስለዚህ አይመከርም፤ ያ ላስቲክ የተሠራው ልብሱ ቤት እስኪደርስ አቧራ እንዳይነካው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ብል ነው። ስለ ብል የምናምነው ብዙው ነገር ስለሚያሳስተን እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከቁም ሳጥን ብር ብላ የምትወጣው ትንሽ ወርቃማ በራሪ ልብስ አትበላም፤ የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው እጭ ነው። እጩ የሚፈልገው ከእንስሳ የተገኘ ነገር ነው፦ ሱፍ፣ ፀጉር፣ ላባ፣ ሐርም ጭምር። ንጹሕ ጥጥ ለእርሱ ምግብ አይሆነውም። ታዲያ የጥጥ ቀሚስ ለምን ይበሳል? አንድም ላብና የምግብ ቅሪት ስላለበት፣ አንድም ጥለቱ ሐር ስለሆነ ነው፤ አለዚያም የበሳው ብል ሳይሆን ልብሱ ላይ የቀረውን ስታርች የሚፈልግ ሌላ ነፍሳት፣ ወይም በረሮና አይጥ ነው። ብል የሚመርጠው ስፍራ ጨለማ የሆነና ማንም የማይነካካው ስፍራ ነው። የዛሬው ክርክር ዋና መሠረቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ልብሱ ወጥቶ ሲራገፍ እንቁላሉና እጩ ይረግፋሉ፣ ጉዳቱም ገና አንድ ቀዳዳ ሳለ ይታያል። አምስት ዓመት ያልተከፈተ ሳጥን ውስጥ ግን ትውልድ በትውልድ ላይ ይፈለፈላል፣ ያንን የሚያቋርጥ ምንም ነገር የለም።

«ናፍታሊን አለበት እኮ» የሚል መልስ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ናፍታሊን የሚሠራው ትነቱ በታሸገ ቦታ ውስጥ በብዛት ሲጠራቀም ነው፤ በሚከፈትና በሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ የተጣሉ ሁለት ሦስት ፍሬዎች ለብሉ ብዙም ለውጥ አያመጡም። ሰውን ግን ይነካሉ፤ ከሸተተን እየተነፈስነው ነው ማለት ነው። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኤንዛይም የሚያንሳቸው ጨቅላ ሕፃናት በናፍታሊን የቆየ ልብስ ሲያለብሷቸው ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈራርሱ እንደሚችሉ በሕክምና የታወቀ ነው። ለክርስትና የሚወጣን ነጠላ በናፍታሊን ማስቀመጥ ስለዚህ ፈጽሞ መቅረት አለበት። አሪቲ ወይም ጠጅ ሳር ሳጥን ውስጥ ማኖር የሚወዱም አሉ። ሽታው ደስ ይላል፣ ብልን ግን አይገድልም፤ ቅጠሉ በቀጥታ ጨርቁን ከነካም ቅባቱ ያቆሽሻል፣ ስለዚህ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይሁን። ብል የገባበት በርኖስ ወይም የሱፍ ካፖርት ካለ የሚያዋጣው ቅዝቃዜ ነው። ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት እጩንም እንቁላሉንም ይገድላል። ሲወጣ ላስቲኩ ሳይከፈት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አንድ ቀን ይቆይ፤ አለዚያ ጤዛው ልብሱ ላይ ያርፋል። ፌስታል ለሁለት ሳምንት ያገለግላል፤ የማይሆነው ለሃያ ዓመት ነው።

አራተኛው ብርሃን ነው፣ እርሱን ፈጠን ብለን እንለፈው። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይመለስም፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚሸነፈው ሐር ነው። ሙዚየሞች ጨርቃ ጨርቅ ሲያሳዩ ብርሃኑን ሉክስ በሚባለው የብርሃን መለኪያ 50 ገደማ ላይ ይወስኑታል፤ የቀትር ፀሐይ ግን 100,000 ሉክስ ይደርሳል። አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጥለት ሙዚየም ውስጥ በ2,000 ሰዓት የሚያገኘውን ብርሃን ጠጥቷል ማለት ነው። የአያትን ቀሚስ በመስታወት ለብጦ ሳሎን መስቀል የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ከመስኮት ፊት ለፊት ካልሆነ፣ በዓመት ውስጥም ጥቂት ወራት ብቻ ከሆነ።

እንግዲህ ከብርሃኑ በስተቀር ሦስቱ ጠላቶች የሚያመሳስላቸው ነገር አላቸው፦ ሁሉም ዝም ባለ ቦታ ቀስ ብለው ይጀምራሉ፣ ቀደም ብለው ከታዩም በቀላሉ ይገታሉ። የዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው በጃፓን ናራ ከተማ ነው። እዚያ ሾሶኢን የሚባል የእንጨት ግምጃ ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ756 የንጉሠ ነገሥት ሾሙ ባለቤት የነበሩት እቴጌ ኮምዮ ለቶዳይጂ ቤተ መቅደስ የሰጡት የባለቤታቸው ንብረት የተቀመጠበት ነው። ከንብረቱ መካከል ልብስና ጨርቃ ጨርቅ በብዛት ነበረበት፤ ብዙው ከ1,200 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም አለ። ጃፓን ደግሞ ዝናብና ወበቅ የሚበዛበት አገር ነው፣ ለጨርቅ የሚመች አየር የለውም። ግምጃ ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ ተሠርቷል፤ ዕቃው በእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ በሩም በንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ይታሸጋል። እስከዚህ ድረስ የእኛ ቤት ሳጥን ታሪክ ነው። ልዩነቱ ማኅተሙ በመከር ወራት፣ አየሩ ሲደርቅ፣ በሥርዓት ተፈቶ ዕቃው መመርመሩና መናፈሱ ነው። ተራው የጃፓን ቤተሰብም ኪሞኖውን በደረቅ ወራት እያወጣ ጥላ ውስጥ የማናፈስ ልማድ አለው።

አንድ ጠንቃቃ አድማጭ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል። ከካይሮ በስተደቡብ ታርካን በሚባል ስፍራ በተገኘ መቃብር ውስጥ የነበረ የተልባ እግር ክር ልብስ ዛሬ ለንደን በፔትሪ ሙዚየም ይገኛል። በሬዲዮ ካርቦን ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3482 እስከ 3102 ባለው ጊዜ የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል፤ ክርኑና ብብቱ ላይ ያለው ጭምድድ ሰው የለበሰው መሆኑን ያሳያል። ይህ ልብስ ከ5,000 ዓመት በላይ ማንም ሳይንከባከበው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1913 ተቆፍሮ ከወጣም በኋላ ከቆሻሻ ጨርቅ ክምር ጋር ተቀላቅሎ እስከ 1977 ድረስ ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር። ታዲያ መዝጋት ይሠራል ማለት አይደለም? ይሠራል፤ ዝናብ በማይዘንብበት፣ ብርሃን በማይገባበት፣ የግብፅ በረሃ አሸዋ እርጥበቱን ሁሉ በሚመጥጥበት ቦታ። የእኛ ሳጥን ግን ያለው በዓመት ሦስትና አራት ወር በሚዘንብበት፣ ከወጥ ቤት እንፋሎት በሚገባበት ቤት ነው። ከታርካን ልብስ መማር ያለብን ሌላ ነገር ነው፦ መለበሱ አላጠፋውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤታችን የሚነሣ ነው። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ሳያውቁ አቆይተው የለ? አዎ፣ አቆይተዋል። አንደኛ ነገር የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው፤ ብል የበላውና የተጣለው አይቆጠርም። ዋናው ግን እናቶች የመልካሙን ቀሚስ ሳጥን በዓመት ብዙ ጊዜ ይከፍቱት ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚል ሕዝብ ቀሚሱን ለዘላለም አይቆልፍም። ጥር ላይ ይወጣል፣ ይታያል፣ ይለበሳል፣ ይታጠባል፤ ለፋሲካ ደግሞ እንደገና። ዓመት በዓሉ የሳጥን መክፈቻ ቀጠሮ ሆኖ አገልግሏል፣ ማንም እንዲያ ብሎ ባይጠራውም። የእኛ ዘመን የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለበዓሉ አዲስ ቀሚስ ይገዛል፣ አሮጌው ደግሞ ከክብር የተነሣ ወደ ሳጥኑ ግርጌ ይወርዳል። ስለዚህ የእናቶች ልማድ የያዝኩትን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ይደግፈዋል።

አጠባባቸውም ቢሆን ከብዙዎቻችን የተሻለ ነበር። ሸማ ይታጠብ የነበረው በእንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ነገር አለው፤ እንደ ዱቄት ሳሙና ያለ ኃይለኛ አልካሊ የለበትም። እግረ መንገዴን፣ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የብልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ነው፤ አንድ የቤት ልማድ ለዓለም ሳይንስ በር የከፈተበት ጊዜ ነበር። ዛሬ እንዶድ ለሌለው ሰው ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል፤ ነጭ ማድረጊያ የተጨመረበት ዱቄት ግን የእጅ ፈትሉን ወተት መሳይ ቀለም ወደ ሰማያዊነት ይለውጠዋል፣ እድፍ የሚበላ ኤንዛይም የተጨመረበትም ሐርንና ሱፍን ይበላል። ከመታጠቡ በፊት ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥቦ ጥለቱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መጫን ያስፈልጋል፤ ቀለም ካነሣ ልብሱ በቤት አይታጠብ። ካላነሣ በሰፊ ሳፋ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይታሽና ሳይጠመዘዝ ይዘፍዘፍ፤ ሲወጣም በአንድ ጫፉ አይጎተት፣ ከሥሩ አንሶላ ገብቶ በአንሶላው ይነሣ። ውሃ የጠጣ ቀሚስ ከባድ ነው፤ ገመድ ላይ ሲሰቀል ክብደቱ ሁሉ ትከሻው ላይ ያርፋል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። ከፋይና ወርቀ ዘቦ ያለበት ካባ፣ ዶቃ የተሰፋበት ወይም የተጣበቀበት ልብስ ውሃ አይንካው። የወርቀ ዘቦው መጥቆርም በብር ማጽጃ አይፈተግ፤ ለበጣው እጅግ ስስ ስለሆነ ከጥቁረቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከታጠበ በኋላ የት ይቀመጥ? የብረት ሳጥን ከስሙ የተሻለ ነው፤ አሲድ አይለቅም፣ አይጥም አያስገባም። ጉድለቱ ዝገቱና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡን ጤዛ ሊያወርደው መቻሉ ነው። የእንጨት ሳጥንና ካርቶን ደግሞ ራሳቸው አሲድ ይለቃሉ፤ እጥፋቱ ላይ ብቻ የበለዘ ነጠላ ብዙ ጊዜ እንጨቱን የነካበት ቦታ ነው የበለዘው። ለሁለቱም መፍትሔው አቡጀዴ ነው። ሙዚየሞች አሲድ የሌለው ልዩ ወረቀት ይገዛሉ፤ ያልተነከረ አቡጀዴ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ስታርቹ ከወጣለት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሳጥኑ በአቡጀዴ ይለበጥ፣ ልብሱም በአቡጀዴ ይጠቅለል። ጨርቁ ይተነፍሳል፣ አቧራ ያስቀራል፣ እርጥበት ይመጥጣል፣ በዓመት አንዴም ይታጠባል። ሳጥኑ ከወለል ከፍ ይበል፣ ውጭውን ዝናብ ከሚመታው ግድግዳም ይራቅ። ነጠላና ኩታ ከመታጠፍ ይልቅ በአቡጀዴ በተሸፈነ ወፍራም ጥቅል ላይ ቢጠቀለሉ ይሻላል፤ መታጠፍ ያለበት ቀሚስ ከሆነ እጥፋቱ ውስጥ የተድቦለቦለ ጨርቅ ይግባበት፣ ክሩ ስለታም ማዕዘን እንዳይሠራ። በካውያ የተሰመረ እጥፋት ለበዓል ያምራል፤ ለሃያ ዓመት ግን ክሩ የሚቆረጥበት መሥመር ነው። ስታርች አይደረግ። መርፌ ቁልፍና የብረት ቁልፎች ከተቻለ ይውጡ፣ ዝገታቸው ጨርቁን ይበሳልና። መስቀያ ላይ መስቀልም ለከባድ ጥልፍ ልብስ የሚመከር አይደለም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ተቃውሞ እንምጣ። ልብስ የተሠራው ሊለበስ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ማኖር መቅበር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ጋቢ ይለበስ። አልቆ ሌላ ጋቢ ይሠራ፤ ሸማኔም እንጀራውን ይብላ። ነገር ግን አንዳንድ ልብስ ከመልበስ ያለፈ ሥራ አለው፤ የዘመኑን አሠራር የሚመሰክር ነው። ለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደውን የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ ይዟል፤ በሐር ጥልፍ ያጌጠ የጥጥ ቀሚስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018ም ለሕዝብ አሳይቶታል። እዚያ እንዴት እንደ ደረሰ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ የሚያስቆጭም ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ጥጥና ሐር ከተጠነቀቁላቸው ከ150 ዓመት በላይ ጥልፋቸው እስኪነበብ ድረስ መቆየታቸው ነው። ያ ቀሚስ አንድ ትውልድ ለብሶ ጨርሶት ቢሆን በዘመኑ ጥልፍ እንዴት ይጣል እንደነበረ ከምን እናይ ነበር? የልጅ ልጅ የአያቷን ጥለት ለብሳ መዳር ከፈለገች ደግሞ ከመልበስ የተሻለ መንገድ አለ። ልብሱን ሽሮ ሜዳ ወዳለ ሸማኔ ወስዶ ጥለቱን እያየ አዲስ እንዲሠራ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን አሮጌው ከላብና ከሽቶ ይድናል፣ አዲሱ ይለበሳል፣ በጋሞ ደጋ ከዶርዜ ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ የተሻገረው የሸማኔ እጅም ሥራ ያገኛል።

«ይህ ሁሉ ለባለ ገንዘብ ነው» የሚለው ተቃውሞ ብዙ አያቆየንም፤ የተጠቀሰው አቡጀዴ፣ ሳፋ፣ ጥላና ጊዜ ነው። ውድ የሚሆነው ጊዜው ብቻ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ አድማጮች ግን የራሳቸው ፈተና አለባቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ሻንጣው የሚገፋው ወደ ቤዝመንት ነው፤ በጋው ወበቃማ ስለሆነ ቤዝመንቱ ከሐምሌ አዲስ አበባ አይሻልም። ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ደግሞ በሙቀት ያቃጥላል። ክረምቱን ሙሉ በሚሞቅ የአውሮፓ ቤት ውስጥ ብል ዓመቱን በሙሉ ይራባል። በባሕረ ሰላጤ አገሮች ከቀዝቃዛው ኤርኮንዲሽን ወደ ውጭው ወበቅ የሚወጣ ሻንጣ ጤዛ ይይዛል። ለሁሉም የሚሻለው ቦታ ሰው የሚተኛበት ክፍል ነው፤ ለሰው የሚመች አየር ለጥጥም ይመቻል፣ ዓይንም አይርቀውም።

የመክፈቻው ቀን መቼ ይሁን? አገር ቤት ላለ ሰው ጥቅምት ተመራጭ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ነፋሱ ደረቅ ነው፣ ክረምቱ ያደረሰውም ጉዳት ገና ትኩስ ነው። ሁለተኛ ጊዜ መክፈት ለሚችል ግንቦት፣ ከዝናቡ በፊት። አንዳንዱ ሰው ቤቱን የሚያጸዳበትን ኅዳር 12ን ሊመርጥ ያስብ ይሆናል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውን የኅዳር በሽታ ተከትሎ የመጣው ኅዳር ሲታጠን ለቤት ጽዳት ጥሩ ቀን ነው፤ ለልብስ ግን ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ቀን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ በቆሻሻ ጭስ ስለሚሸፈን። በተመረጠው ቀን እጅ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፣ ቅባት አይነካ፣ ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ ቡናም ከአጠገብ ይራቅ። ልብሱ ጠረጴዛ ላይ በንጹሕ አንሶላ ይዘርጋ፤ ጥላ ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰዓት ይናፈስ፤ ስፌቱ፣ ብብቱና እጥፋቱ ይታይ፤ ሲመለስ እጥፋቱ ከአምናው ሌላ ቦታ ይሁን። ሻጋታ ከታየ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ውጭ ወጥቶ፣ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፤ እርጥብ ሳለ ከተፈተገ ወደ ክሩ ይገባል። የተቀደደ ካለ በአዲስ ጠንካራ ክር ተስቦ አይሰፋ፣ አዲሱ ክር አሮጌውን ይቆርጠዋል፤ ከሥሩ ስስ ጨርቅ ተደርጎ ላላ ባለ ስፌት ይያዝ።

የቀረው ጽሕፈቱ ነው። ቀሚሱ የማን እንደ ነበረ፣ የት እንደ ተሠራ፣ ለምን ቀን እንደ ተለበሰ የሚያውቁት ሰዎች ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሳጥኑ በሚከፈትበት ቀን አጠገብ ቢኖሩ፣ ወይም በስልክ ምስሉን ቢያዩት፣ የሚጠየቁት ያን ጊዜ ነው። ቃላቸው በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ይለቃል። ስሙና ዓመቱ በታጠበች የአቡጀዴ ቁራጭ ላይ ተጽፎ በልብሱ ውስጠኛ ጠርዝ በሁለት ላላ ያሉ ስፌቶች ይያዝ፤ ታሪኩ ሰፋ ካለ በወረቀት ይሁንና ወረቀቱ ልብሱን አይንካ። የሁሉም ፎቶ ከሳጥኑ ክዳን በውስጥ በኩል ይለጠፍ፤ የሚፈለገውን ለማግኘት ሁሉን ማተራመስ እንዳያስፈልግ።